«ጸሀይ» ብዬ ብፈልግ የለም አለኝ

ጥያቄ፦ የአማርኛ ቃላትን ከነትርጉማቸው አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቤያለሁ። ትርጉም የምፈልገው ተርሚናል ላይ በግሬፕ (grep፣ ፋይል ውስጥ ጽሑፍ በሚፈልግ ትእዛዝ) ነው። «ጸሀይ» ብዬ ስጽፍ ምንም አላመጣልኝም፤ ቃሉ ግን ፋይሉ ውስጥ አለ። «አልተመለሱም»ንም አጣሁት። ስህተቱ የእኔ ነው የማሽኑ?

መልስ፦ ፋይልዎ ውስጥ ያለው «ፀሐይ» ይሆናል። ለጆሯችን ጸ እና ፀ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ግን የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ግሬፕ ደግሞ የሚያስተያየው ቁጥሩን ነው። ስለዚህ አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ ይስጡት፦ [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ። በየትኛውም ፊደል ብትጻፍ ትገኛለች።

አደራዎን፣ ለፍለጋ እንዲቀል ብለው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሠ ሁሉ ወደ ሰ አይለውጡ። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ነው፤ ምሥራቅ የመጣው ከዚህ ነው። ሰረቀ ግን ያው ሌብነቱ ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ። ፊደሉን ካጠፉት የቃሉን ዘር ማወቂያ አጠፉ።

«አልተመለሱም» ሌላ ጉዳይ ነው። መዝገበ ቃላት ግስን የሚያስገባው በኃላፊ ጊዜ፣ በ«እሱ» መደብ ነው። አል እና ም ይውጡ፤ ተመለሱ ይቀራል። ሱን ወደ ሰ ይመልሱ፣ ተን ያንሱ። መለሰን አገኙ። ተመለሰም ብዙ ጊዜ እዚያው ስር ነው።

በጣም የምወደውን አንድ ዘዴ ልጨምርልዎ። በዩኒኮድ የአንድ ፊደል ሰባቱ ቅርጾች፣ ከግዕዝ (ከመጀመሪያው፣ ለምሳሌ ለ) እስከ ሳብዕ (ሰባተኛው፣ ሎ)፣ ተከታትለው ነው የተቀመጡት። [ለ-ሎ] ካሉ ሰባቱንም ጠሩ ማለት ነው። [መ-ሞ][ለ-ሎ][ሰ-ሶ] ብለው ቢፈልጉ መለሰ፣ መልስ፣ ተመለሰ አብረው ይመጣሉ። ምላስም ሳይጠራ ይመጣል፤ እሱን ይለፉት። ምላሽ ግን ይቀራል። ለምን? ከሰበረ ስባሪ እንደምንል፣ ከመለሰም «ምላሲ» መባል ነበረበት። መጨረሻው ላይ ያለው ኢ ሰን ወደ ሸ ለወጠና ራሱ ጠፋ። ከቆረጠ ቁራጭ ያልነውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ቅንፍ [ሰ-ሶሸ-ሾ] ያድርጉት። በተ፣ በጠ እና በደ ለሚያልቁ ግሶችም እንዲሁ ቸን፣ ጨን እና ጀን ያስገቡ።