የይለፍ ቃሌን የመግቢያው ገጽ ለምን አይቀበለውም?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በጀርመን አገር ፍራንክፈርት ነው። ላፕቶፔን እዚሁ ስለገዛሁት ኪቦርዱ የጀርመን ነው፤ የምጠቀመውም ኡቡንቱ ሊኑክስን ነው። ሲስተሙን በጫንኩበት ጊዜ የኪቦርድ ምርጫውን የአሜሪካ እንደሆነ ትቼው አለፍኩ፤ በኋላ ግን ሴቲንግስ ውስጥ ገብቼ ወደ ጀርመን ስለቀየርኩት ስጽፍ ምንም ችግር የለብኝም። በቅርቡ የይለፍ ቃሌን ቀይሬ ዜድ የሚለውን ፊደልና የሰረዝ ምልክትን ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የመግቢያው ገጽ የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው ይለኛል። ቁልፎቹን እየቀያየርኩ በመከራ ከገባሁ በኋላ ግን ስክሪኑ ሲቆለፍ ያው የይለፍ ቃል ወዲያው ይከፍትልኛል። የተበላሸው ምኑ ነው?

መልስ፦ የተበላሸ ነገር የለም። እንዲያውም ስክሪኑ ሲቆለፍ የሚሠራው የይለፍ ቃል ኮምፒውተሩ ሲነሳ አለመሥራቱ ምክንያቱን በግልጽ ያሳያል። በሴቲንግስ የመረጡት የጀርመን አቀማመጥ (የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የሚወስነው ምርጫ) የተመዘገበው በእርስዎ የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው። ስክሪኑ የሚቆለፈው እርስዎ ገብተው እየሠሩ ባሉበት ሁኔታ ስለሆነ የእርስዎን ምርጫ ይከተላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ግን ገና ማንም አልገባም፤ በዚያ ሰዓት የመግቢያውን ገጽ የሚያሳየው ጂዲኤም የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በራሱ የተጠቃሚ ስም በመሆኑ የእርስዎን ምርጫ አያነብም። የሚወስደው ለመላው ሲስተም የተመዘገበውን አቀማመጥ ነው፤ እሱም እርስዎ ሲጭኑ የተዉት የአሜሪካው ነው።

በሁለቱ አቀማመጦች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ባይሆንም እርስዎን ያገኘዎት በትክክል ልዩነቱ ባለበት ቦታ ነው። በአሜሪካው አቀማመጥ ሲነበብ፣ ዜድ የተጻፈበት የጀርመን ቁልፍ ዋይን ያወጣል፤ ዋይ የተጻፈበት ደግሞ ዜድን። ከቀኝ ሺፍት ጎን ያለው የሰረዝ ቁልፍ የሚያወጣው ሰረዝ ሳይሆን ወደ ቀኝ ያዘነበለውን መስመር (/) ነው፤ ሰረዙ የሚገኘው ከዜሮ ቀጥሎ ባለው የጀርመኖቹ ኤስሴት (ß) ቁልፍ ላይ ነው። ሺፍትን ይዘው ሁለት ቁጥርን ቢጫኑ በጀርመኑ የጥቅስ ምልክት ሲወጣ በአሜሪካው @ ይወጣል። ከዋይና ከዜድ በቀር ያሉት ሃያ አራቱ የላቲን ፊደላትና ሺፍት የማይነካቸው ቁጥሮች ግን በሁለቱም ቦታቸው አንድ ነው፤ የቀድሞው የይለፍ ቃልዎ ሳይቸግርዎ የቆየውም ምናልባት ከእነዚህ ብቻ የተሠራ ስለነበር ይሆናል።

ይህን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ በመግቢያው ገጽ የይለፍ ቃል ሳጥን ውስጥ ዜድና ዋይን ብቻ ጽፈው ከሳጥኑ ዳር ያለችውን የዓይን ምልክት ይጫኑ። አንዳንድ ሰዎች የሚጽፉትን ለማየት ሲሉ የይለፍ ቃላቸውን በተጠቃሚ ስም ቦታ ላይ ይጽፉታል፤ ይህን አያድርጉ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር በሲስተሙ የክንውን መዝገብ ውስጥ በግልጽ ሊቀር ይችላል።

ወደ ማስተካከያው ከመሄድዎ በፊት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲስተሙ የሚያውቀው የትኛውን ቁልፍ እንደተጫኑ ሳይሆን ከቁልፉ የትኛው ፊደል እንደወጣ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ያወጣው በአሜሪካው አቀማመጥ ሆኖ ሳለ፣ የጀርመን ቁልፎቹን እያየ የጻፈ ሰው፣ ሲስተሙን ወደ ጀርመን በቀየረ ማግስት ሲጠቀምበት የኖረው የይለፍ ቃል ይከለከላል። የእርስዎ የወጣው አቀማመጡ ጀርመን ከሆነ በኋላ ስለሆነ ይህ ባይደርስብዎም፣ ሌሎች አንባቢያንም እርስዎም የይለፍ ቃሉን ለጊዜው ዋይ፣ ዜድና ልዩ ምልክት ወደሌለበት ቀይራችሁ፣ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ወደ ጠንካራው ብትመለሱ ይሻላል።

ማስተካከያው ራሱ አጭር ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራውን ሱዱ የሚለውን ቃል ብለው፣ ከዚያ ዲፒኬጂ፣ ሰረዝ፣ ሪኮንፊገር የሚለውን፣ ክፍተት ትተውም ኪቦርድ፣ ሰረዝ፣ ኮንፊገሬሽን የሚለውን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፉ። በፍላጻ ቁልፎች የሚመረጥ ገጽ ይከፈታል። ስለ ኪቦርዱ ሞዴል ሲጠይቅዎ ጄኔሪክ ባለ 105 ቁልፍ የሚለውን ይምረጡ፤ የአሜሪካው ባለ 104 ሲሆን የአውሮፓው በግራ ሺፍት አጠገብ አንድ ቁልፍ ይጨምራል። አገሩንና አቀማመጡን ጀርመን ይበሉ፤ የተቀሩትን ጥያቄዎች እንዳሉ ይለፏቸው። ይህ ሁሉ የሚያደርገው ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ዲፎልት ሥር ያለውን ኪቦርድ የተባለ ፋይል መቀየር ነው፤ ፋይሉን ራስዎ ከፍተው በኤክስኬቢሌይአውት መስመር የጥቅስ ምልክቶች መካከል ያለውን ዩኤስ ወደ ዲኢ ቢቀይሩትም ውጤቱ አንድ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱት።

ጨርሶ መግባት ያቃተው ሰው ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭኖ ወደ ጽሑፍ ገጽ ይሂድ። ይህም ገጽ የሚጠቀመው የሲስተሙን አቀማመጥ ስለሆነ እዚያም አሜሪካው ነው የሚጠብቀው፤ ኪቦርድ የሚለውን ቃል ለመጻፍ በዋይ ፈንታ ዜድን፣ ለሰረዝ ደግሞ ኤስሴትን መጫን ግድ ነው። ኤፍ1 የተባለው ቁልፍ ከኮንትሮልና ከኦልት ጋር ወደ መግቢያው ገጽ ይመልሳል።

ፌዶራ ወይም አርች የተባሉትን ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች የሚጠቀሙ አንባቢያን ኪቦርድ የተባለውን ፋይል አይፈልጉት። እዚያ የሚሠራው ሎኬል ከሚለው ቃል ጋር ሲ፣ ቲ እና ኤልን አያይዞ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሴት፣ ሰረዝ፣ ኤክስ11፣ ሰረዝ፣ ኪማፕ ተብሎ በመጨረሻ ዲኢ ይጻፋል። የጽሑፉን ገጽ አቀማመጥም አብሮ ይቀይረዋል።

ዲስካቸውን በምስጢር ቁልፍ ያስቆለፉ ሰዎች ደግሞ ከመግቢያው ገጽም በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለባቸው። ሊኑክስ በሚነሳበት የመጀመሪያ ደረጃ የሚጠየቀው ይህ የይለፍ ቃል የሚነበበው ቀደም ብሎ በተዘጋጀ ትንሽ የማስነሻ ጥቅል ውስጥ በተቀዳው አቀማመጥ ነው። ፋይሉን በእጅ ከቀየሩ በኋላ በኡቡንቱ አፕዴት፣ ሰረዝ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚለውን ትእዛዝ፣ ከኋላው ሰረዝና ዩ ጨምረው፣ በሱዱ ማስኬድ ጥቅሉን ያድሰዋል። ከላይ ያልነው ጥንቃቄ የሚጠብቀው ግን እዚህ ላይ ነው፤ የዲስኩ ቁልፍ የወጣው በአሜሪካው አቀማመጥ ከነበረ፣ ጥቅሉ በታደሰ ማግስት ጣትዎ የለመዳቸው ቁልፎች ዲስኩን አይከፍቱትም። የመግቢያ ይለፍ ቃል ቢጠፋ ማዳኛ አለው፤ የዲስክ ቁልፍ ቢጠፋ ግን የለውም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተሬን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ማድረግ ስለምፈልግ የመግቢያውን ገጽ ኪቦርድ ኢትዮጵያ ወደሚለው ብቀይረውና የይለፍ ቃሌን በፊደል ባደርገው ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሐሳቡ ደስ ቢልም አንመክርዎትም። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና ሲስተሙ ፊደልን ስለማያውቅ አይደለም፤ ችግሩ ያለው በአጻጻፉ ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ያህል በ105 ቁልፎች ላይ አይሰፈርም። በዚህም የተነሳ በየቀኑ አማርኛ የምንጽፍበት መንገድ ሁለት ቁልፎችን አዋህዶ አንድ ፊደል የሚያወጣ፣ አይባስን በመሰለ ፕሮግራም በኩል የሚሠራ መጻፊያ ነው። ኢትዮጵያ የሚለው አቀማመጥ ግን እንዲህ አያዋህድም፤ አንድ ቁልፍ የሚሰጠው የተመደበለትን ፊደል ብቻ ነው። በይለፍ ቃል ሳጥን ውስጥም መጻፊያው ይሠራል ብሎ መመካት አይቻልም። በሥራ ገጽዎ ላይ በፊደል ያወጡትን የይለፍ ቃል በመግቢያው ላይ መድገም ያቅትዎታል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ኢትዮጵያን ብቸኛው አቀማመጥ ማድረግ ነው። የተጠቃሚ ስም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ በጽሑፉ ገጽ ላይ ስምዎን እንኳ ማስገባት ይሳንዎታል። አማርኛው በመግቢያው ላይ መታየቱ ካስደሰተዎ ከላይ ባየነው ኪቦርድ የተባለ ፋይል፣ በኤክስኬቢሌይአውት መስመር ውስጥ ዩኤስ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ኢቲ ብለው ያለ ክፍተት ይጻፉ፤ ነጠላ ሰረዙ የላቲኑ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው ፊት የተጻፈው ነውና። የይለፍ ቃልዎን በላቲን ይተዉት፤ የቋንቋውን ምርጫ፣ ሜኑውንና የመጻፊያውን ዝግጅት ግን ከገቡ በኋላ እንደ ልብዎ አማርኛ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ በፈረንሳይ ሊዮን ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ኮምፒውተር እንጠቀማለን፤ ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው የሥራ ገጽ ጋር ነው። እኔ የላፕቶፑን የፈረንሳይ ኪቦርድ፣ እሱ በገመድ የሚሰካ የአሜሪካ ኪቦርድ እንመርጣለን። የመግቢያው ገጽ ሁለታችንንም ማስተናገድ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በዚያው ኪቦርድ በተባለው ፋይል አቀማመጡን ኤፍአር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ዩኤስ ያድርጉት፤ በኤክስኬቢኦፕሽንስ መስመር ደግሞ ጂአርፒ ብለው፣ ሁለት ነጥብ (:) አድርገው፣ ኦልት፣ ሺፍት እና ቶግል የሚሉትን ቃላት በታች መስመር (_) አያይዘው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ኦልትና ሺፍት አብረው ሲጫኑ አቀማመጡ ይለዋወጣል። የትኛው ላይ እንዳላችሁ ለማየት፣ ኢቲሲ ውስጥ ላይትዲኤም በሚባለው ፎልደር ያለውን የግሪተሩን (የመግቢያውን ገጽ የሚያሳየውን ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይል ከፍተው ኢንዲኬተርስ በሚለው መስመር ላይ የሞገድ ምልክት (~) ከፊቱ ያለው ሌይአውት የሚል ቃል ያስገቡ፤ መስመሩ በ# የሚጀምር ከሆነ ምልክቱን ያጥፉት።

የይለፍ ቃላችሁ ቁጥር ካለበት አንድ ነገር ልብ በሉ። በፈረንሳዩ ኪቦርድ የላይኛው ረድፍ ቁጥሮች የሚወጡት ሺፍት ሲያዝ ብቻ ነው፤ ኤና ኪው፣ ዜድና ደብሊውም ከአሜሪካው ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ። ወንድምዎ በራሱ ኪቦርድ ላይ ቢጽፍም፣ መጀመሪያ የሚነሳው የፈረንሳዩ ስለሆነ፣ ከመጻፉ በፊት ኦልትና ሺፍትን መጫን አለበት።