ገንዘባችሁ በሰኔ ይድረስ

ቦንጋ አጠገብ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ጓሮ 40 ዘመናዊ ቀፎዎች ተደርድረው ይታያሉ። ቢጫ ቀለማቸው ለቋል፤ በአንዳንዶቹ ክዳን ላይ ሣር በቅሏል። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ከ12 ዓመት በፊት፣ ሃምቡርግ ወደብ በቡና መጋዘን ሠራተኝነት ካጠራቀምኩት ላይ ቀንሼ አዲስ አበባ አሠራኋቸው፤ በአይሱዙ አስጭኜም 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አስረከብኩ። በግ ታረደ፣ ተመረቅን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። በዓመቱ ስመለስ ንብ ያለባቸው አምስት ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት አንድም አልነበረም።

ይህን የማወራችሁ በውጭ አገር በየከተማው ስዞር ለአገር ቤት ተመሳሳይ ዕቅድ የያዘ ወንድም ወይም እኅት ስለማላጣ ነው። አንዱ ቀፎ፣ ሌላዋ የወፍጮ ሞተር፣ ሦስተኛው የችግኝ ጣቢያ ያስባሉ። ልባቸው ንጹሕ ነው። ደኑን የማያጠፋ፣ ጥቅሙ ለሰፈሩ ሰው የሚደርስ፣ ከመሬቱ የወሰደውን ለመሬቱ የሚመልስ ሥራ መሥራት ይፈልጋሉ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። የጎደለኝ ከየት እንደሚጀመር ማወቅ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፦ ምርቱን መግዛትና ገንዘቡን በሰኔ ማድረስ።

ዘመናዊ ቀፎ ክፉ ነገር አይደለም። በሚገባ ከተያዘ ከባህላዊው እጥፍና ከዚያም በላይ ማር ይሰጣል። ነገር ግን ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩበት የታተመ ሰም ይፈልጋል፤ የማር እንጀራውን ሳይሰብር ማሩን የሚለይ ማሽን ይፈልጋል፤ ጉንዳን እንዳይወርረው ዙሪያውን የሚያጸዳና ሳያሰልስ የሚጎበኘው ሰው ይፈልጋል። እኔ ያመጣሁት ሣጥኑን ብቻ ነበር። ሰሙን የሚያትም በአቅራቢያው አልነበረም፤ ሥልጠናውም የግማሽ ቀን ነበር።

ቀፎዎቹ ባዶ መሆናቸውን ባየሁበት ሰሞን አንድ ንብ አናቢ አባት እጄን ይዘው ጫካ ወሰዱኝ። ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ቀና ሲሉ ቅርንጫፉ ላይ የተጋደሙ ባህላዊ ቀፎዎች ይታያሉ። እኚያ አባት በስድሳ ዓመታቸው በገመድ እየተሳቡ ይወጡባቸው ነበር። «ልጄ፣ ቀፎ መሥራትስ እኛም እናውቃለን» አሉኝ። «ያጣነው ማሩ ሲወርድ በደኅና ዋጋ የሚገዛ፣ በዓመቱም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያደረግሁት ሁሉ ከዚህ ንግግር የተቀዳ ነው።

በካፋና በሸካ ደን ውስጥ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ለእንግዳ ሰው ባለቤት የሌለው የሚመስለው ጫካ በየቤተሰቡ የተከለለ ነው፤ በዚያ ክልል ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት የእገሌ ቤት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅም ይወርዳል። ቀፎ የሚሰቀልበትን ዛፍ ማንም ሰው ተነሥቶ አይጥለውም። ነጣ ያለ ማር የሚሰጠው ገተማ፣ ብሳናውና ግራዋው እስካበቡ ድረስ ቤተሰቡ ማር ይቆርጣል፤ ማር እስከቆረጠ ድረስም ዛፎቹን ይጠብቃል። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ደግሞ የጫካ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ አለ። ዩኔስኮ ካፋን በ2010 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሰውና ተፈጥሮ አብረው በሚጠበቁበት ስፍራነት (ባዮስፌር ሪዘርቭ) መዝግቦታል፤ ክብር ነው፤ ደስ ይላል። ደኑን በየቀኑ የሚጠብቀው ግን ከማሩና ከቡናው የሚገኘው ገቢ ነው። ማር ዋጋ ባጣበት ዓመት የበቆሎ ማሳ ወደ ጫካው ጠርዝ ሲገፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፦ ባለቤት ከመሆናችሁ በፊት የምርቱ ገዢ ሁኑ። አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ። መሬት አትጠይቁ፤ በተለይ ደን ያለበትን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በሊዝ የሚሰጠው ሰፊ መሬትም ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ኮቦ ወይም የአንድ ቀበሌ ግጦሽ ነው። «ባዶ ነው» ተብሎ የሚታያችሁን መሬት በእግራችሁ ዙሩት፤ ቀና ብላችሁም ቅርንጫፉን እዩ።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁን የሚመለከተው እሱ ነውና።

በቡና አገር ከባዱ ጊዜ ክረምት ነው። ቡናው የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። ያለፈው ዓመት ገንዘብ ደግሞ ግንቦት ሳይወጣ አልቋል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይራቆታል፤ ሕፃን ይታመማል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የደብተር፣ የልብስ ወጪ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢ ነጋዴ ወደ ቤት ይመጣና ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና ይገዛል። ዋጋው ኅዳር ላይ ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው። ገበሬው ቡናው አስቀድሞ ስለተሸጠ ቀዩን እየመረጠ ለመልቀም የሚያተጋው ነገር የለም፤ አረንጓዴውንም ቀዩንም በአንድ ላይ ይሸመጥጠዋል። ጥራቱ ይወርዳል። በጥራቱ የወረደ ቡና ይዞ ማኅበሩ ለውጭ ገበያ ምን ያቀርባል? ነጋዴውን መራገም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልራገመውም፤ በሐምሌ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የተገኘ እሱ ብቻ ነው።

እኛስ ገንዘብ የምንልከው መቼ ነው? ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለረመዳንና ለዓረፋ፣ ለሠርግና ለለቅሶ። ይህ ወጋችን ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን በዓመቱ የምትልኩትን ደምሩና ከሦስት አንድ እጁን ወደ ሰኔ አሻግሩት። ድምሩ አይጨምርም። ወላጆቻችሁ ወይም ወንድማችሁ ቡና፣ ማር ወይም ሌላ የሚጠበቅ ምርት ካላቸው ያው ገንዘብ በሰኔ ሲደርስ ምርታቸውን በዛፉ ላይ ከመሸጥ ያድናቸዋል። በስልክም ግልጽ አድርጉት፦ «እማዬ፣ ይህ ቡናው እስኪደርስ መቆያ ነው፤ ቡናውን አስቀድማችሁ እንዳትሸጡት» በሉ። ለምን እንደተላከ ያልተነገረ ገንዘብ መንገዱን ራሱ ይመርጣል።

በቤሩት፣ በሪያድና በዱባይ በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቼ፣ ለእናንተ የምለው ይኸው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ስለ ማኅበር ግዢ የምናገረው አይመለከታችሁም፤ ማንም «ለኅብረተሰብ ሥራ ነው» እያለ ካጠራቀማችሁት ላይ እንዲወስድ አትፍቀዱለት። በስማችሁ የተከፈተ የባንክ ደብተራችሁ ከሁሉም ይቅደም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ ግን ከዚህ ራቅ ብላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እኛ ሃምቡርግ ያደረግነውን ልንገራችሁ። 26 ቤተሰቦች ነን። እቁብ ነበረን፤ እድርም አለን፤ እርስ በርስ መተማመኑ ስለነበረ ሌላ ድርጅት ማቋቋም አላስፈለገንም። እያንዳንዱ ቤት በወር 30 ዩሮ ለ10 ወር አዋጣ፤ 7,800 ዩሮ ሆነ። በመስከረም መጀመሪያ፣ ለቀማው ሳይጀመር፣ ቡናውን የምንገዛበትን ውል ተፈራርመን ቅድሚያ ክፍያውን በባንክ ላክን። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ቀይ እሸት ይዞ ለመጣ አባል እጅ በእጅ መክፈል ቻለ። ቀድሞ ገበሬው እሸቱን ተሸክሞ ማኅበሩ በር ላይ ይደርስና «ገንዘብ ከዩኒየኑ ሲመጣ ትወስዳለህ» ይባል ነበር፤ ዩኒየን ማለት ማኅበራቱ በጋራ ያቋቋሙት ኅብረት ነው። ልጁ የታመመበት ሰው ይህን ሊጠብቅ አይችልም።

የደረሰን 14 ጆንያ ነው፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ይህ ለብቻው አይጫንም፤ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር እስከ 320 ጆንያ ይይዛል። ከዚያው ዩኒየን አስቀድሞ ይገዛ የነበረ፣ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አነስተኛ የጀርመን ድርጅት አገኘንና በእሱ ኮንቴይነር ውስጥ ቦታ ለመንን። እናንተም በከተማችሁ እንዲህ ያለ ድርጅት መኖሩን በመጀመሪያ ፈልጉ፤ ካለ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቃችኋል። ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ መብት አላቸው፤ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከ1999 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ያለ ነው። ወረቀቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጥሬውን ወስዶ በየቤቱ መቁላት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የምንወደው ሥራ ስለሆነ ጥሬ ቡና ተከፋፈልን። ጀርመን ውስጥ ቆልታችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ ግን በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ቀረጥ እንዳለ ዕወቁ፤ ይህን ሳያሰላ ዋጋ ቆርጦ የከሰረ ወዳጅ አለኝ።

በሦስተኛው ዓመት የማኅበሩ አባላት ራሳቸው «የመስከረሙ ጥሩ ነው፤ ከእሱ ጥቂቱ በሰኔ ቢመጣስ?» ብለው ጠየቁን። አሁን አንድ አራተኛውን በሰኔ እንልካለን፤ በቀበሌው የቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል ለአባላት በብድር ይሰጣል፤ በኅዳር በቡና ይመለሳል። ከሁሉም ሥራችን የምኮራበት ይህ ነው፤ ሐሳቡ ከእነሱ የመጣ ነውና።

ዋጋ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በሰኔ በብር የተቆረጠ ዋጋ ኅዳር ላይ ገበሬውን ሊጎዳው ይችላል፤ እኛም ሳናውቅ እንደዚያ ሰብሳቢ ነጋዴ እንሆናለን። ውላችን ዝቅተኛውን ዋጋ ይወስናል፤ የወጪ ገበያው ከፍ ካለ ልዩነቱ ይከፈላል።

ማሩ ከቡናው ይልቅ አስቸግሮናል። የመጀመሪያውን በርሜል ስናስመረምር እርጥበቱ 23 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ በአውሮፓ ሕግ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እርጥበት የበዛበት ማር ይፈላል። ምክንያቱን ስንፈልግ ንቦቹ እንጀራውን በሰም ሳይከድኑት ተቆርጦ ነበር፤ ለምን ቢባል ያው የገንዘብ ችግር ነው። ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የተቀመጠ ነበረበት። ባልዲና የእርጥበት መለኪያ ገዛንላቸው፤ በሰም ለተከደነው ማር የተሻለ ዋጋ ሰጠን፤ በሁለተኛው ዓመት ማሩ ከመስፈርቱ በታች ገባ። ከ40 ባዶ ቀፎዎች ይልቅ በእጅ የምትያዝ አንዲት መለኪያ ይህን ያህል ሠራች። ለሽያጭ የሚሆን ማር በሻንጣ ይዛችሁ አትሞክሩ፤ ሕግም አይፈቅድም፤ ስሙንም ታበላሻላችሁ።

የትኛውን ማኅበር እንደምትመርጡ ትጠይቁኛላችሁ። ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት መሆኑን ማየት ቀላል ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። መጋዘኑ ሲከፈት ቁልፉ በስንት ሰው እጅ እንዳለ አያለሁ። የመጨረሻው የትርፍ ክፍፍል መቼ እንደተከፈለ ከሊቀ መንበሩ ይልቅ አባሉን እጠይቃለሁ፤ ይልቁንም ቡና ስትለቅም ያገኘኋትን ሴት። ስብሰባ ላይ እቀመጥና ሰው ይከራከር እንደሆነ አዳምጣለሁ። ክርክር የሌለበት ማኅበር ያስፈራኛል። በኅብረት ሥራ ሕግ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ ዩሮ ስላመጣችሁ ሁለት ድምፅ አይኖራችሁም፤ እንዲኖራችሁም አትፈልጉ። ወንበር ከሰጧችሁ በትሕትና እምቢ በሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለልጆቻችሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ መሬት ያፈራውን ቡና ከገበያው ያስወጣል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን አይቆምም፤ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ የት እንደሆነ በካርታ መመዝገብ አለበት። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል። የጫካ ቡና ገበሬ ይህን ሕግ የሚፈራበት ምክንያት አልነበረም፤ ደኑን የጠበቀው እሱ ነውና። ሆኖም ማስረጃ ያላቀረበ እንደ መነጠረ ሊቆጠር ነው። ባለፈው ክረምት ከሃምቡርግ የመጣች የጓደኛዬ ልጅ፣ አማርኛዋ ተሰባብሮ፣ የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖን ከቶ የማታውቅ፣ ከማኅበሩ ሁለት ወጣቶች ጋር በዝናብ ውስጥ እየዞረች በስድስት ሳምንት 211 ማሳ መዘገበች። ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነበር የያዘችው። ኮቦው የማን እንደሆነ የነገሯት እኒያ በገመድ ይወጡ የነበሩት አባት ናቸው፤ አሁን አይወጡም፤ ከሥር ቆመው በጣታቸው እያሳዩ አስመዘገቧት። ከማሳዎቹ መካከል ሰባቱ ላይ ሁለት ቤተሰቦች ይከራከራሉ፤ የቀበሌው ሽማግሌዎች ከመስቀል በኋላ ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል፤ እስከዚያ ካርታው ላይ ባዶ ተትተዋል።