«ዕድሜሽን 22 እናድርገው» ለተባለችው የኮዬ ፈጬ ልጅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ 17 ዓመቷ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእናቷ፣ ከአያቷና ከሁለት ታናናሾቿ ጋር ትኖራለች። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት እየጠበቀች ነው። እናቷ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች ያስረክባሉ። አንዲት የሰፈር ሴትዮ ዱባይ የቤት ሥራ እንዳገኙላት ነግረዋታል። በቪዚት ቪዛ ትሄዳለች፤ ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋ 22 ይሆናል፤ ወጪውን ሴትዮዋ ችለው በኋላ ከደመወዟ ይቆርጣሉ። እናቷም በግማሽ ልብ ተስማምተዋል። «ብቻዬን መሄዱ አያስፈራኝም፤ ግን ዕድሜ ማስጨመሩ ልክ ነው? ካልሄድኩስ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ትላለች።

ልጄ፣ መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። አትሂጂ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ወረቀት አትሂጂ። አረብ አገር መሥራት ነውር ሆኖ አይደለም። ዱባይና ሪያድ ሠርተው እናታቸውን የጦሩ፣ ወንድም እህት ያስተማሩ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። እኔን ያስደነገጠኝ 22 የሚለው ቁጥር ነው።

ሴትዮዋ ዕድሜሽን መጨመር ለምን አስፈለጋቸው? በእውነተኛው ዕድሜሽ ማንም በሕጋዊ መንገድ ሊልክሽ ስለማይችል ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጃችን፣ ቁጥር 923/2008፣ ኤጀንሲዎች ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው እንዳይመለምሉ ይከለክላል። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግም ከ18 በታች መቅጠርን አይፈቅድም። እዚህም በሩ ዝግ ነው፣ እዚያም ዝግ ነው። እንግዲህ አሁን ለመሄድ የቀረው መንገድ በወረቀት ላይ ሌላ ሰው መሆን ነው።

ሌላ ሰው ሆነሽ ስትሄጂ ምን እንደምታጪ ላስረዳሽ። አሠሪሽ ደመወዝሽን ብትከለክልሽ፣ ወይም እግዚአብሔር አያድርገውና ከዚያ የባሰ ነገር ቢደርስብሽ፣ ፖሊስም ሆነ የኢትዮጵያ ቆንስላ መጀመሪያ የሚያየው ፓስፖርትሽን ነው። 17 የሚል ከሆነ በሕግ ፊት ልጅ ነሽ። ኢትዮጵያም የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ንግድ ፕሮቶኮል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ለብዝበዛ የወሰደ ሰው «ራሷ ተስማምታ ነው» ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ማታለል ወይም ማስገደድ ነበረ ወይ ብሎ እንኳ አይጠይቅም። በአንቺ ዕድሜ ሕጉ እስከዚህ ድረስ ይከላከልልሻል። 22 የሚል ፓስፖርት ስትይዢ ግን ይህን ሁሉ በገዛ እጅሽ ታስረክቢያለሽ። ያኔ «ትልቅ ሴት ናት፣ ፈልጋ ነው የመጣችው» ብሎ መከራከር ለደላላው ይቀለዋል። ልጅ መሆንሽን ማስረዳት የአንቺ ዕዳ ይሆናል፤ በማታውቂው ቋንቋ፣ ስልክሽ እንኳ በእጅሽ ይኑር አይኑር በማይታወቅበት ቤት ውስጥ።

የቪዚት ቪዛው ነገር ደግሞ አለ። ኤምሬትስ ውስጥ በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። የአገሪቱ ሕግ በሥርዓቱ ለተቀጠረች የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ከዚያም ውስጥ 8ቱ ያልተቆራረጠ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፓስፖርቷም በራሷ እጅ እንዲሆን ያዛል። ይህ መብት የሚያያዘው ግን ፈቃድ ባለው ቢሮ በኩል ከተፈረመ ውል ጋር ነው። አንቺ ውል የለሽም። አቤት ልበል ብትዪ ራስሽን የምታስይዢ ይመስልሻል። ደላላ የሚተማመነው በዚሁ ፍርሃት ነው።

«ወጪውን እሳቸው ይችሉልኛል» ያልሽው ነገር ላይ ቆም በይ። እንደ ደግነት አይተሽው ይሆናል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ከሠራተኛዋ ኪስ የሚወጣው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬትና የሙያ ብቃት ምዘና ያለው ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ከደመወዝሽ የሚቆርጡት፣ መጀመሪያውኑ በአንቺ ላይ መኖር የሌለበትን ዕዳ ነው። ስንት እንደሆነ፣ በስንት ወር እንደሚያልቅ የተጻፈ ነገርም አላሳዩሽም። ይህን ለእናትሽ በዚሁ መልክ ንገሪያቸው። እንጀራ ሸጦ የሚያድር ሰው ሒሳብ ይገባዋል።

አሁን ብዙ ሰው የማያነሳውን ልንገርሽ፤ የሙያ አማካሪ ነኝና ይህ በቀጥታ ይመለከተኛል። የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬትሽ፣ የትምህርት ቤት መዝገብሽ፣ የልደት ምዝገባሽ አንድ ዕድሜ ነው የሚናገሩት። ፋይዳ ካወጣሽ ደግሞ የጣት አሻራሽና የዓይንሽ ምስል ከዚያው ዕድሜ ጋር ተያይዟል። ፎርጅዱ ፓስፖርት ከእነዚህ ሁሉ ይጣላል። ከአራት ዓመት በኋላ ነርስ ሆነሽ ለውጭ አገር ሥራ ስታመለክቺ፣ ወይም ስኮላርሺፕ አግኝተሽ ኤምባሲ ስትቀርቢ፣ «የትኛዋ ነሽ?» ትባያለሽ። የልደት ቀኑ ስላልተስማማ ብቻ ጥሩ ዕድል ያመለጠው ወጣት ጥቂት አይደለም። ማስተካከሉ ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል።

ብቻሽን መሄድ እንደማያስፈራሽ ጽፈሻል። አምንሻለሁ። በአንቺ ዕድሜ ብቻቸውን ውጭ የሚሄዱ ልጆችም አሉ፤ ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን በሥርዓቱ የሚጠሩሽ ሰዎች ምን እንደሚጠይቁ ተመልከቺ። እንግሊዝ ለ16 እና ለ17 ዓመት ተማሪ ቪዛ ስትሰጥ የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ትፈልጋለች። ካናዳ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ብቻውን ሲመጣ እዚያ ኃላፊነት የሚወስድለት አሳዳጊ እንዲኖር ታስገድዳለች። የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች 18 ላልሞላው አመልካች እዚያው ቻይና ያለ ሞግዚት ይጠይቃሉ። የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ደግሞ 18 ያልሞላውን ጭራሽ አይቀበልም። የሚቀበሉት ስለ ወላጅ ወይም ስለ አሳዳጊ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ስምሽንና ዕድሜሽን እንዳለ ይጽፋሉ። የሰፈርሽ ሴትዮ ግን የዕድሜሽ ነገር እንዲደበቅ ይፈልጋሉ። ይህን ልዩነት ካየሽ፣ ወደፊት ማንም ምን ቢያቀርብልሽ ራስሽ መመዘን ትችያለሽ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ እውነተኛው ጥያቄሽም ይህ ይመስለኛል። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?

ፈተናው ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ውጤትሽ ደስ ባይል ብቻሽን አይደለሽም፤ ሰነፍ ነሽ ማለትም አይደለም። ካለፍሽ ጥሩ። ለጥቂት ከወደቅሽ የሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርቱ፣ መቁረጫ ነጥብ ስንት እንደሆነ ተከታተዪ። ሁለቱም ካልሆነ የቴክኒክና ሙያ ምዝገባ አለ፤ እሱን እንደ ውድቀት እንዳታዪው።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ቆየሁ። አያትሽ ስኳር እንዳለባቸው፣ መርፌውን የምትወጊያቸው አንቺ እንደሆንሽ፣ የስኳር መጠናቸውን ለክተሽ በደብተር እንደምትመዘግቢ ነካ አድርገሽ አልፈሻል። እኔ አላለፍኩትም። ማንም ሳያዝሽ መመዝገብ የጀመርሽ ልጅ ነሽ። ይህ በጤና ሙያ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። የሰው እጅ መያዝ፣ አለመሰልቸት፣ ቁጥር አለመርሳት፤ ብዙ ሰው ሠልጥኖም አይመጣለትም።

ስለዚህ ምክሬ ወደዚያ ያደላል። ውጤትሽ ከፈቀደ ነርሲንግን ከምርጫሽ አናት ላይ አድርጊው። ካልፈቀደ በመንግሥት ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች ስለ ኬርጊቨር፣ ማለትም አረጋውያንን፣ ሕመምተኞችንና ሕፃናትን ስለ መንከባከብ የሚሰጥ ሥልጠና መኖሩን ጠይቂ፤ ከኮዬ ፈጬ ብዙም ከማይርቀው ከአቃቂ ቃሊቲ ጀምሪ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ብር ከመክፈልሽ በፊት ያ የትምህርት ክፍል ከሚመለከተው የመንግሥት ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጪ። በር ላይ የተለጠፈ ባነር ዕውቅና አይደለም። ስንት ቤተሰብ የዕቁብ ብሩን ዕውቅና ለሌለው ወረቀት አፍስሷል።

ይህን ሙያ የመረጥኩልሽ ለሌላም ምክንያት ነው። ውጭ የመሄድ ሐሳብሽን አይገድለውም። ጀርመንና ጃፓን የመሰሉ አገሮች ሕዝባቸው አርጅቶ አረጋውያንን የሚንከባከብ ሰው ቸግሯቸዋል። ጀርመን ነርስ ሆኖ ለመመዝገብ በአብዛኛው ቢ2 የሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ያስፈልጋል፤ ዓመታት የሚወስድ ነገር ነው። ግን በሙያሽ የሄድሽ ዕለት በራስሽ ስም፣ በራስሽ ዕድሜ ትሄጃለሽ። አሠሪሽም የሚፈልገው ሙያሽን ነው።

እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት ጀምሮ መሥራት ይፈቅዳል። 18 እስኪሞላሽ ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት ወይም በበዓል ቀን ሊያሠሩሽ አይችሉም። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርብሽ ነው፤ ደመወዙ ከፍተኛ እንደማይሆን ቀድመሽ እወቂ፤ ብዙ ቀጣሪም 18 የሞላውን ይመርጣል። እኔ ብሆን በሰፈሩ ፋርማሲዎችና ክሊኒኮች እየዞርኩ የመዝገብ፣ የእንግዳ መቀበልና የጽዳት ሥራ እጠይቅ ነበር። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ሙያውን በቅርብ ታያለሽ፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ምን እንደሚውል ታውቂያለሽ። ጠዋት ከእናትሽ ጋር እንጀራውን የማስረከቡን ሥራ ተካፈዪ። በርካታ ብሎኮች ያሉበት ሰፈር ነውና ለሱቅ ብቻ ከማስረከብ በስልክ እየተቀበላችሁ ቤት ለቤት ብታደርሱ ትርፉ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ አስቢው።

እናትሽን አትቆጪያቸው። ግማሽ ልባቸው መስማማቱ ቸግሯቸው ነው። «አልሄድም» ብቻ ብለሽ አትተያቸው፤ «እማዬ፣ ጥር ላይ 18 ይሞላኛል፤ እስከዚያ ይህን ይህን እሠራለሁ» በያቸው። አምስት ወር ገደማ ነው። ያኔም ሐሳብሽ ዱባይ ከሆነ ሕጋዊው መንገድ አለ። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጠው ኤጀንሲ፣ በሚኒስቴሩ የመረጃ ሥርዓት መመዝገብ፣ ሥልጠናና የብቃት ምዘና፣ በቋንቋሽ አንብበሽ የምትፈርሚው ውል። እናትሽ አብረውሽ ሄደው ቢሮውን በዓይናቸው ይዩ።

ሴትዮዋ ጎረቤት ናቸው፣ ቡና ትጠራራላችሁ፤ መጣላት አያስፈልግም። «እትዬ፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። 18 ሲሞላኝ ኤጀንሲውን አብረን ሄደን ፈቃዱን እናያለን» በያቸው። «ዕድሉ ያመልጥሻል» ይሉሻል። የቤት ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት ጥር ላይም ይኖራል። ማስፈራራት ወይም «ይህን ያህል አውጥቻለሁ፣ ክፈዪ» ማለት ከመጣ ግን ከእናትሽ ጋር በቀጥታ ወደ ወረዳችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ሂዱ። በሰዎች መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት አለው፤ እሳቸውም ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን ዛሬ አድርጊ። ፎቶሽንና የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬትሽን «ለፕሮሰስ» ብለው እንደወሰዱ ጽፈሻል። ኦሪጅናሉን አሁኑኑ አስመልሺ። እናትሽ አብረውሽ ይሂዱ። «ለትምህርት ምዝገባ ተፈለገ» በያቸው፤ ውሸት አይደለም፣ እውነትም ይፈለጋል። ፓስፖርት ደግሞ ማውጣት ከፈለግሽ አሁንም ይቻላል። የልደት ሰርተፍኬትሽን ይዘሽ፣ እናትሽ መታወቂያቸውን ይዘው አብረውሽ ቀርበው፣ በትክክለኛው የልደት ቀንሽ። ውጤት ሲወጣ ነጥብሽን በየትምህርቱ ላኪልኝ፤ ምርጫውን አብረን እንሞላለን።