አርባ ድምፅ፣ አንድ ኮርድ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ተማሪዬ ዲጂታል ፒያኖ ገዛና «መጥተው ይዩልኝ» አለኝ። ስደርስ መሣሪያው ውስጥ ያሉትን አርባ ድምፆች አንድ በአንድ ሞክሮ ጨርሷል። ፒያኖውን፣ ኦርጋኑን፣ ቫይብራፎኑን፣ ቫዮሊኖቹን፣ የሰው ኅብረ ዝማሬ የሚመስለውን ሳይቀር። ሁሉንም የሞከረው ግን በአንድ ኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ኖታዎች ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። አዝራር ይጫናል፣ ኮርዱን ይመታል፣ ፈገግ ይላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አልሳቅኩበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ መሣሪያ ባገኝ ኖሮ የተሻለ ነገር አላደርግም ነበር። ያን ቀን አብረን ተቀምጠን ያየነው ነገር ግን ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ።

«የትኛው ድምፅ ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ። ሸሚዝ የመምረጥ ያህል ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ድምፁን ስትቀይሩ መሣሪያውን ራሱን ቀየራችሁ ማለት ነው፤ መሣሪያው ሲቀየር ደግሞ የእጃችሁ ሥራ አብሮ ይቀየራል። ነጮቹና ጥቁሮቹ ቁልፎች እዚያው ስላሉ ይህን መርሳት ቀላል ነው።

ዲጂታል ፒያኖ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ በግራንድ ፒያኖ ድምፅ ይጀምራል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እዚያው ቆዩ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጠቋሚዎች አሉ። ቁልፉ ሲወርድ ከአንዱ ጠቋሚ ወደ ሌላው እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ መሣሪያው ይለካል። ጊዜው ካጠረ በኃይል መታችሁ ማለት ነው፤ ከረዘመ በለስላሳው። ልኬቱን ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይተረጉምና፣ እውነተኛ ፒያኖ በተለያየ ኃይል እየተመታ ከተቀዱት ድምፆች መካከል የሚስማማውን ያወጣል። እንግዲህ ቁልፉ ከወረደ በኋላ ክንዳችሁን አጠንክራችሁ ብትጫኑት ምንም አትጨምሩም፤ ሁሉ ነገር ያለቀው በአወራረዱ ላይ ነው። ተማሪዬን መካከለኛዋን ዶ ብቻ፣ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት በአሥር ደረጃ እንዲያሰማኝ ጠየቅኩት። ሦስተኛውን ዘለለው፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው አንድ ሆኑበት፤ ከስምንት በላይ ያለው ሁሉ ድብደባ ነበር። አርባ ድምፅ አዳርሶ የአንዲት ቁልፍን አሥር ድምፅ አላገኘም።

ከዚያ ከፒያኖ በፊት የነበረውን የሃርፕሲኮርድን ድምፅ ከፈትን። ያንኑ ልምምድ ሲደግም፣ በብዙ ዲጂታል ፒያኖዎች ላይ እንደሚሆነው፣ በስሱ ቢነካውም ቢደበድበውም የሚሰማው አንድ ዓይነት ሆነ። «ተበላሸ እንዴ?» አለ። አልተበላሸም። እውነተኛው ሃርፕሲኮርድ ክሩን በትንሽ መንቁር ጠንቁሎ የሚለቅ መሣሪያ ስለሆነ፣ የጣታችሁ ኃይል ድምፁን እምብዛም አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የተባለ ጣሊያናዊ ፍሎረንስ ውስጥ ክሩን በመዶሻ የሚመታ መሣሪያ ሠራ። ስሙም «ለስላሳ» እና «ኃይለኛ» ከሚሉት የጣሊያንኛ ቃላት፣ ከፒያኖና ከፎርቴ ወጣ። ስለዚህ በሃርፕሲኮርድ ድምፅ ስትጫወቱ አንዱን ኖታ አጉልቶ ማውጣት ሲያምራችሁ ያላችሁ መንገድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትንሽ ማዘግየት፣ ትንሽ ማሳጠር፣ ዙሪያውን በፈጣን ጌጥ ማስዋብ። የዚያን ዘመን ኖታ ስታዩ በጌጥ ምልክት የተሞላ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቶሎ የሚከስመውን ድምፅ በሕይወት ያቆየዋል።

ኦርጋን ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጣታችሁ ቁልፉ ላይ እስካለ ድምፁ አይደክምም፤ ባነሳችሁ ቅጽበት ይቆረጣል። ድምፁን በሚያቆየው የፒያኖ የእግር ፔዳል ተሸፍኖ የኖረ ስንፍና ሁሉ እዚህ አደባባይ ይወጣል። ጣት ከጣት ሳይለይ ቁልፍ መቀባበልን ለመማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሱና ቀላል ዜማ በኦርጋን ድምፅ ተጫወቱ። የቫዮሊኖቹ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚነሣ ለፈጣን ዜማ አይሆንም፤ ሁልጊዜ የዘገያችሁ ይመስላችኋል። መሣሪያው ውስጥ ስላሉት የተኩስና የአእዋፍ ድምፆች ምንም አልልም።

ሁለት ድምፅ መደራረብ የሁሉም ጀማሪ ፍቅር ነው፤ ፒያኖ ከቫዮሊን ጋር፣ በላዩ ላይ የአዳራሽ ማስተጋቢያ። ያምራል፤ አልክድም። ችግሩ የሚያምረው ስህተቱም መሆኑ ነው፤ ያልተነካው ኖታ፣ የተድበሰበሰው ሽግግር በዚያ ጭጋግ ውስጥ አይታይም። በዚያ ላይ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው የድምፅ ብዛት የተወሰነ ነው። 64 ከሆነ፣ ሁለት ድምፅ ስትደርቡ ቢበዛ 32 ኖታ ይቀራችኋል። ፔዳሉን ረግጣችሁ ረጅም ስትጫወቱ የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ሳይሞቱ ይቆረጣሉ። ስትለማመዱ ማስተጋቢያውን አጥፉት፤ ለእንግዳ ስትጫወቱ አብሩት።

አሁን በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጠው ስለሚመጡት ሙዚቃዎች ላውራችሁ። በወጣትነቴ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ዝግጅት ላይ ድምፅ ልቀይር ስል የማሳያ ሙዚቃውን አዝራር ተጫንኩ። መሣሪያው በራሱ ፈቃድ፣ እኔ በሕይወቴ ልደርስበት በማልችለው ፍጥነት፣ መጫወት ጀመረ። ማቆሚያውን አዝራር ስፈልግ እጄ ቁልፎቹ ላይ ይርመሰመስ ስለነበር የምጫወተው እኔ መሰልኩ። ሲያልቅ ያገኘሁትን ጭብጨባ ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አግኝቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ምስጋናም አቀረብኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የማሳያ ሙዚቃዎቹ የተዘጋጁት መሣሪያውን ለማስወደድ ነው፤ አድምጧቸውና እለፉ። ለመለማመጃ የተቀመጡት ግን፣ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ሃምሳ ያህል ናቸው፣ ሀብት ናቸው። አብዛኞቹ የተቀመጡት እንደ ተቀዳ ድምፅ ሳይሆን «ይህን ቁልፍ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ኃይል» በሚል ትእዛዝ መልክ ስለሆነ ፍጥነታቸውን ስትቀንሱ ቅኝታቸው አይወርድም። የቀኝ እጁን ዝም አሰኝታችሁ የግራውን ብቻ ማጫወትም ትችላላችሁ። እኔ ተማሪዬን ያስጀመርኩት ከዚህ ነው። ቁልፍ ሳይነካ አንዱን ሙዚቃ ሁለት ጊዜ እንዲያዳምጥ፣ በሁለተኛው የግራ እጁን መስመር ብቻ በአፉ እንዲከተል አደረግኩት። ከዚያ የግራውን ድምፅ አጠፋንና እሱ ተካው፤ ቀኙን መሣሪያው ይጫወት ነበር። ከአራት ምት በኋላ ተለያዩ።

መሣሪያው አልጠበቀውም። ይህ ነው ጥቅሙ። አንዳንዱ መሣሪያ ትክክለኛውን ቁልፍ እስክትነኩ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅበት አሠራር አለው፤ እኔ አልወደውም። ትክክለኛውን ኖታ ያስተምራችኋል፤ ምቱን ግን ይገድላል፤ እየቆመ የሚሄድ ሙዚቃ ሙዚቃ አይደለም። ይልቅ ፍጥነቱን እስከምትችሉት ድረስ ዝቅ አድርጉ፣ የተለያያችሁበትን አራት ምት ብቻ በድግግሞሽ አዝራሩ ክበቡና አሥር ጊዜ አብራችሁት ሂዱ። ሲሳካ የመሣሪያውን ሁለቱንም እጆች አጥፉና ብቻችሁን ቅዱት። የቀዳችሁትን በዚያው ሰዓት አታዳምጡ፤ ጆሯችሁ ገና ያዳላል። በማግስቱ ስሙት።

ተማሪዬ ትናንት ደወለና ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀምጦ ተጫወተልኝ። በግራንድ ፒያኖ፣ ያለ ማስተጋቢያ። የግራ እጁ አሁንም ይቸኩላል። «ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 60 ምት አውርደው» አልኩት። ተከራከረኝ። 66 ላይ ተስማማን።