ልጄ ጅቡቲ ሊላክ ነው፣ ጤናው አሳስቦኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከሜሪላንድ ነው። ልጄ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ጅቡቲ ይላካል። ትናንት የጤና ፎርም ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ፣ ሁሉንም "የለም፣ የለም" እያለ በሁለት ደቂቃ ጨረሰው። እስከ 10 ዓመቱ አስም ነበረበት እኮ! ስነግረው "እማዬ እሱን ካልኩ ያስቀሩኛል" አለኝ። ስለ ወባም ሳነሳ እህቴ "የሐበሻ ደም ነው አይነካውም" ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ ከወባው ልጀምርና እውነት አይደለም። ደም አይደለም የሚከላከለው፣ እዛው ወባ አገር አድጎ ደጋግሞ የተነደፈ ሰው ነው ትንሽ የሚቋቋመው፣ እሱም አገሩን ለቆ ከቆየ እየጠፋ ይሄዳል። ሜሪላንድ ያደገ ልጅ ምንም የለውም። ጅቡቲ ደግሞ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ የሚራባ አዲስ የወባ ትንኝ ገብቷል፣ ስለዚህ ካምፕ ውስጥ ነኝ ብሎ መዘናጋት የለም። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ላይቤሪያ የገቡ የአሜሪካ ማሪኖች 80 ያህሉ ወባ ይዟቸዋል፣ የመከላከያ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር፣ አብዛኞቹ ግን በትክክል አልወሰዱትም። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው የወባ መከላከያ ከተሰጠው በየቀኑ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጠው፣ ውጦ ወዲያው አይተኛ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ከተመለሰ በኋላም 4 ሳምንት ይቀጥላል፣ ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚች ጋ ነው።

ወደ ፎርሙ ስመጣ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ያናግሩት። እዛ ሄዶ ጤናው ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ ሐኪሙ እኮ የሚገምተው ልጁ በጻፈው ላይ ተነስቶ ነው፣ ያልጻፈውን ማንም አያውቅለትም። በልጅነት የተወው አስም ብቻውን ሁሌ አያስቀርም፣ የሚታየው አሁን ያለበት ሁኔታ ነው፣ ምናልባት የትንፋሽ ምርመራ ያደርጉለታል፣ ያ ውጤት ፋይሉ ውስጥ መግባቱ ለሱ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 የወጣው ፓክት አክት የሚባለው፣ ለቀድሞ ወታደሮች ሕክምናና ካሳ የሚሰጠው ሕግ ጅቡቲን ጭስና መርዛማ አየር አለባቸው ካላቸው አገሮች ውስጥ አስገብቷታል፣ ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስምም ከሚሸፍናቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ነገ ሳንባው ቢታመም "መቼ ጀመረህ?" ሲሉት የሚመልስለት ያ ወረቀት ነው፣ "የለም" ብሎ የፈረመበት ፎርምና የድሮ የሕፃናት ሐኪሙ ፋይል ካልተስማሙ ግን ጣጣ ነው።

ሲመለስም ሁለት ፎርም ይጠብቀዋል፣ አንዱ እንደተመለሰ ሌላው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ። እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ካሳለው፣ ይጻፈው፣ አይፈር። በነዚያ ወራት ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ጉንፋን ነው ብላችሁ ዝንጅብል አፍልታችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ኢመርጀንሲ ይሂድና ከሁሉ በፊት "ጅቡቲ ነበርኩ" ይበላቸው።