እጅጌው ሰላሳ ነው ስልሳ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ የሀገር ልብስ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ብዙዎቹ ደንበኞቼ አሜሪካና እስራኤል ነው ያሉት። የምናወራው በዋትስአፕና በኢሞ ነው፤ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። በቅርቡ አንዷ ደንበኛዬ የእጅጌውን ርዝመት «ስልሳ» ስትለኝ «ሰላሳ» መስሎኝ ቆረጥኩት። ጥልፉ ያለቀለት ቀሚስ ነበር። ፈጣን ፓኬጅ ብገዛ ይሻለኛል? በ058 የሚጀምረውን የቤት ስልክስ ላዘጋው? ደግሞም አንድ ሰው «ትንሽ ማሽን ሱቅሽ ላስቀምጥ፤ ከውጭ የሚደወል ጥሪ ያስተላልፋል። ለዋይፋዩ በየወሩ እከፍልሻለሁ» ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?
ልብስ ሰፊዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ቀን አይሰጥም። እባክዎ ያንን ማሽን ሱቅዎ አያስገቡ። የነገሩዎት ነገር «ሲም ቦክስ» የሚባለውን ይመስላል። ብዙ ሲም ካርድ ይሰካበታል። ከውጭ የተደወለው ጥሪ በኢንተርኔት እርስዎ ሱቅ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ በአንዱ ሲም የአገር ውስጥ ጥሪ መስሎ ይወጣል። ዘመድዎ ከአሜሪካ እየደወለ፣ ስልክዎ ላይ በ09 የሚጀምር የማያውቁት ቁጥር አይተው አያውቁም? አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለዓለም አቀፍ ጥሪ የሚከፈለው ሒሳብ ተዘሎ ያልፋል። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 እንዲህ ያለውን ሥራ በጽኑ እስራት ይቀጣል። ማሽኑ የሚገኘው እርስዎ ሱቅ ነው፤ ኢንተርኔቱም በእርስዎ ስም ነው። ሰውየውን ያን ጊዜ ከየት ያመጡታል? ከደንበኛ ጋር በዋትስአፕ ማውራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አይፍሩ።

ወደ መቆራረጡ ልምጣ። ፓኬጁን ለመግዛት አይቸኩሉ። የድምፅ ጥሪ ለኢንተርኔት ቀላል ጭነት ነው፤ በየአቅጣጫው በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት እንኳ አይፈጅም። መስመርዎ 4 ሜጋ ቢት ብቻ ቢሆን እንኳ የዚያ አርባ እጥፍ ነው።

የሚጎዳዎት የፍጥነት ማነስ ሳይሆን መዘግየት ነው። ስልኩ ንግግርዎን አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ በምታህል ቁራጭ እየከፋፈለ ይልካል። ፎቶ ቢዘገይ ግድ የለም፤ ሲደርስ ይከፈታል። የዘገየች የድምፅ ቁራጭ ግን ትጣላለች፤ ወሬው አልፏታላ። ቀሚስዎን ያስቆረጠችው እንዲህ ያለች የጠፋች ቁራጭ ሳትሆን አትቀርም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ አፍ እስከ ሌላው ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። መዘግየቱ ከዚያ እየጨመረ ሲሄድ ሁለታችሁም እኩል ትጀምራላችሁ፣ እኩል ዝም ትላላችሁ፣ ከዚያ «ሀሎ፣ ይሰማሻል?» ይመጣል።

የሚያዘገየው ምንድን ነው? እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የሱቁን ሥራ ራሱን ነው። ቀኑን ሙሉ የቀሚስ ፎቶና ቪዲዮ ይላካል። ስልኮቹም ፎቶውን በራሳቸው ጊዜ ወደ ጎግል ይጭናሉ። ወደ ውጭ የሚልከው መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚያስገባው ይጠባል። ጠባብ በር ላይ የተጫነ ጋሪ ሲቆም፣ ባዶ እጁን የመጣውም ሰው ከኋላው ይቆማል። ራውተሩ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ደንበኛ ሲደውል ቪዲዮ መላኩ ይቁም። ፎቶ የሚጭነውንም ማታ ሱቁ ሲዘጋ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ግድግዳው ነው። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ዋይፋይ ደግሞ ወፍራም ግድግዳ አይወድም። ራውተሩ ጓዳ ከሆነ፣ አጠገቡ ቆመው አንድ ጥሪ ይሞክሩ። ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ የግድግዳው ነው፤ ራውተሩን ወደ መስፊያው ክፍል ያውጡት። እዚያም ከተቆራረጠ ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይደውሉ። በዳታ ጥሩ ከሆነ የመስመር ችግር ነውና አገልግሎት ሰጪዎን ይጠይቁ። በዚያም ካልተሻለ ችግሩ በደንበኛዋ በኩል ሊሆን ይችላል፤ እሷም እንዲሁ ትሞክር።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቢሆን ልኬት በድምፅ ብቻ አይቀበሉ። ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት በቁጥር ተጽፎ ይላክልዎ። እርስዎም መልሰው ይጻፉላት። «አዎ» የሚል መልስ ሳይመጣ መቀስ አያንሱ፤ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት ቢያደርጉት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

የቤት ስልኩን አያዘጉት። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መስመር ከሆነ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ነው። መሣሪያው ገመድ አልባ እስካልሆነ ድረስ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ራውተር ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጥር 11 ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ እንግዳው ይበዛል፤ ሰው በአንድ ቦታ ሲከማች የሞባይል ኔትወርክ ይጨናነቃል። ለእርስዎ ያ ሰሞን የትዕዛዝ ወቅት ነው፤ ያለ ስልክ መቅረት አይገባዎትም። ለራውተሩም ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ቢገዙለት ጥሩ ነው። ሲሄዱ የራውተሩን ቻርጀር ይዘው ይሂዱ፤ 12 ቮልት የሚፈልገውን በ9 ቮልት ባትሪ ማሠራት አይቻልም።