የዋንዛ ኬዝ፣ የሚነዝር ላሜራ እና የማይቆረጥ መስታወት

በዚህ እትም ስለ ኮምፒውተር ኬዝ የመጡት ጥያቄዎች በዝተውብናል። ሌላው ይቆየንና ቀጥታ ወደእነሱ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። የምኖረው ጅማ ነው። የዴስክቶፔ ኬዝ ዝጎ ቀለሙ ተላልጧል። አጎቴ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የእንጨት ሥራ አለው፤ «በዋንዛ ልስራልህ» እያለኝ ነው። ጓደኞቼ ግን «እንጨት ሙቀት ያፍናል፣ ያቃጥልብሃል» ብለው አስፈራሩኝ። ማዘርቦርዴ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው አነስ ያለው ልክ ነው፣ ግራፊክስ ካርድም አለው። ልስራው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ስራው እንጂ! ዋንዛ እያለ፣ አናጺ አጎት እያለ ምን ታስባለህ።

ጓደኞችህ የነገሩህ ግማሹ ልክ ነው። እንጨት እንደ ብረት ሙቀት አያስተላልፍም። ግን የፋብሪካው ኬዝም ቢሆን የሚቀዘቅዘው በግድግዳው ሳይሆን በአየር ነው፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚተፉትን ሙቀት ፋኑ ተሸክሞ ያወጣዋል። አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ካለው ሳጥኑ ከምንም ቢሰራ ግድ የለም፤ ከሌለው የብረቱም ቢሆን ምጣድ ነው። ቃጠሎውን በተመለከተ፣ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል፣ ካልበረደለትም ማሽኑ ይጠፋል። እንጨት እሳት ለመያዝ ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ፓወር ሳፕላይ ከራሱ የብረት ሳጥን እንዳታወጣው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛሉ፣ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። አሮጌውን ኬዝ እንዳትጥለው። ማዘርቦርዱ የታሰረበትን ላሜራና የኋላውን ፊት፣ ማለትም የዩኤስቢውና የስክሪኑ ገመድ የሚሰካበትን በኩል፣ ሳይለያዩ እንዳሉ ቆርጠህ አውጣና እንጨቱ ሳጥን ውስጥ እሰራቸው። ግራፊክስ ካርድ የሚያርፍበት ቦታ ሚሊ ሜትር የማይምር ነገር ነው፤ በእንጨት እቀርጸዋለሁ ያለ ሰው መጨረሻው ካርዱን በጉልበት መግፋት ነው። ላሜራው ላይ ያሉትን ትንንሽ የነሐስ ማቆሚያዎችም አትንቀላቸው። እነሱ ናቸው ማዘርቦርዱን ከላሜራው ከፍ አድርገው የሚይዙት። ከሌሉ ጀርባው ብረቱን ይነካና ሾርት ያደርጋል። ስትቆርጥ ደግሞ ማዘርቦርዱም ራሙም ሌላ ክፍል ይሁኑ። የግራይንደር የብረት ብናኝ የማይገባበት የለም፤ አንዷ ፍንጣሪ ሁለት የቺፕ እግሮች መሀል ከገባች ዕቃህን ልትሰናበት ነው።

ለአጎትህ የምትሰጠው ልክ ይህ ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ 244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሙሉው ኤቲኤክስ 305 በ 244። ወደፊት ማዘርቦርድ ልቀይር ካልክ ከአሁኑ ለትልቁ የሚሆን ቦታ ተው። የተለመደው ፓወር ሳፕላይ ፊቱ 150 በ 86 ነው፣ ርዝመቱን ግን የራስህን ለካው። አናጺዎች የሚሳሳቱት ፋኑ ላይ ነው፦ 120 ሚሊ ሜትር ፋን የብሎን ቀዳዳዎቹ ከመሀል እስከ መሀል 105 ናቸው። «ባለ 120 ነው» ብለህ ብቻ ብትነግረው ብሎኖቹን በ 120 ይበሳልሃል፣ አይገጥምም። ፋኑን ይዘህለት ሂድ፣ ሳንቃው ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ይዙርበት።

ጅማ ዝናብ እንደማይነፍጋት ታውቃለህ። ዋንዛው በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ውሎ አድሮ ይጣመማል፤ ክዳኑ አልዘጋ ይላል፣ ይባስ ሲልም ላሜራውን ስቦ ግራፊክስ ካርዱን ከቦታው ያነቃንቀዋል። ይህን አጎትህ ከእኔ በላይ ያውቃል። ቫርኒሹም ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ዕቃ አታስገባበት። ለርካሽነቱ ቺፑድ የምታስቡ ካላችሁ እኔ አልመክርም፤ ጠርዙ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ብሎንም አንዴ ፈትተህ ስትመልሰው መያዝ ያቅተዋል።

ስለ ፊቱ ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚያበላሸው። ፊቱን ድፍን አድርጎ ጎኑ ላይ ቀጭን ስንጥቅ መተው አልወድም፤ ፋኑ እየጮኸ አየር አያገኝም። ጅማ ውስጥ በርጩማ እየቀረጸ የኖረ ሰው ድፍን ሳንቃ ሲሰጥህ እንዴት ትቀበላለህ? ጌጡን አሳልፎ እንዲቀርጸው ለምነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ያው አየር ማስገቢያ ይሆናል። ክፍቱ ቦታ ሲደመር ከፋኑ ክብ እንዳያንስ ብቻ። ከኋላው ስስ ወንፊት ለጥፍበት፣ አቧራ ይይዛል፣ ስትፈልግ አውጥተህ ታጥበዋለህ። ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ ከላይ በኩል የሚያወጣ ፋን አድርግ። በቃህ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ኬዜን መርካቶ ብየዳ ቤት በላሜራ አሰርቼ ራሴ ቀለም ቀባሁት፣ በጣም አምሮልኛል። ችግሩ ስነካው ይነዝረኛል። በባዶ እግሬ ስሆን ይብሳል። ፓወር ሳፕላዩ ተበላሽቶ ነው? ከጅማ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የቤትሽን ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር ነው። ፓወር ሳፕላይ ውስጥ የመስመር ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ከሁለቱ መስመሮች ወደ ብረቱ ሳጥን የታሰሩ ናቸው። ኧርዝ ካለ የሚያመልጠው ኮረንቲ ወደ መሬት ይሄዳል። ከሌለ ብረቱ ላይ 110 ቮልት አካባቢ ይንሳፈፋል፣ የ 220 ግማሹ መሆኑ ነው። ኮረንቲው በጣም ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ባዶ እግርሽን ስትሆኚ መንገዱ አንቺ ትሆኛለሽ። ፋብሪካ የሰራው ኬዝም እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ይነዝራል፣ ስለዚህ በያጁን አትቆጪው።

መጀመሪያ ገመዱንና ማከፋፈያውን እዪ። ባለ ሁለት እግር አዳፕተር መሀል ከገባ ኧርዙ እዚያው ተቆርጧል። እሱ ደህና ከሆነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተሽ ሶኬቱን አስለኪ፣ ከሌለም መሬት ውስጥ ዘንግ አስቀብሪ። ኧርዙን ከኒውትራሉ፣ ከመመለሻው መስመር፣ ጋር ላገናኝልሽ የሚል ከመጣ ግን በሩን አሳዪው። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ ኬዝሽ ሙሉ 220 ይይዛል።

ሌላው ቀለሙ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፓወር ሳፕላዩ በሚታሰርበት ቦታ፣ ብሎኖቹ ዙሪያ፣ ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፍቂው። ክዳኑም ቢሆን ከዋናው አካል ጋር ብረት ለብረት የሚገናኝበት አንድ ቦታ ይኑረው። ንዝረቱ መንዘር አልፎ የሚመታ ከሆነ ግን ነቅለሽ አስቀምጪው፤ ያኔ የጠረጠርሽው ፓወር ሳፕላይ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሌላ ኬዝ ላይ ያገኘሁትን የጎን መስታወት ለእኔ ኬዝ በልኩ ላስቆርጠው ነው። መስታወት ቤት ልውሰደው?

መልስ፦ እንዳትሞክረው። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ከሆነ፣ የኬዝ መስታወት ደግሞ አብዛኛው ነው፣ ከተመረተ በኋላ አይቆረጥም አይበሳም። ጠርዙን ሲነኩት ሙሉው አንድ ላይ ይረግፋል። አክሪሊክ፣ መስታወት የሚመስለውን ፕላስቲክ፣ ግዛና መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ በቀስታ ቁረጠው። ቀዳዳ ስትበሳ መሰርሰሪያውን አታፍጥነው፤ ከፈጠነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ይጣበቃል። መከላከያ ላስቲኩንም ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ አትላጠው።